የቤቱ ሁሉ ቀጠሮ

ልብስ ሰፊዋ የልጇን ዩኒፎርም የምታሰፋው ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጅቷ ከአልጋ ሳትወርድ ነበር። የጎኑን ስፌት ትፈታና በውስጥ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ ለቅቃ መልሳ ትሰፋዋለች። ሚጣ ሰኞ ምንም ሳታውቅ ለብሳው ትሄዳለች ብላ ታስባለች። ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅ ደግሞ ከአሮጌ ቀሚስ ቆርጣ መቀጠል ጀመረች። አንድ ቀን ልጅቷ ዓይኗን እያሻሸች መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«እማዬ፣ አትደብቂኝ፤ አውቃለሁ እኮ። ሁልጊዜ ክሩ አዲስ ነው።»

እናትየው መቀሱን አስቀመጠች።

ሚጣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፣ ስትተኛ እንደ ትልቅ ሰው ታንኮራፋለች። አንገቷ ላይ ያልታጠበ የሚመስል ጥቁረት ወጥቶ እናቷ በሳሙና ብታሸው ብታሸው አልለቅ ብሏል። በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ አንገቷን ገለጥ አድርጋ አየችና፣

«ይሄ እድፍ አይደለም፤ ከውፍረቱ የመጣ ነው። ዝም ከተባለ ወደ ስኳር በሽታ ሊሄድ ይችላል» አለች። ቀጥላም ቅዳሜ ከሰዓት ክብደታቸው ለጨመረ ልጆች የሚሰጥ ትምህርትና ክትትል እንዳለ ነገረቻት።

«እሺ ሲስተር፣ ይዣት እመጣለሁ።»

«እሷን ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?»

«ባለቤቴ፣ የሱ እናት፣ እኔ።»

«እንግዲያው ሁላችሁም ኑ። ለናንተ አንድ ዓይነት ምግብ፣ ለሷ ሌላ ዓይነት ከሆነ የተቀጣች ነው የሚመስላት። ልጅ ብቻውን አይለወጥም፤ ቤቱ ነው የሚለወጠው።»

ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ጎብጣ የምትውል ሴት ነች። አሁን ቤቱን በሙሉ አሳምና መምጣት እንዳለባት ስትሰማ ከወዲሁ ትከሻዋ ከበዳት።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ስለሚገባ ልጁን በወጉ አያያትም። ማታ ማታ በያዘው ፌስታል ለስላሳና ብስኩት አይጠፋም፤ እንደናፈቀችው የሚነግራት በዚያ ነው። ነገሩን ስታነሳበት ሳቀ።

«እኔ ምን ቤት ነኝ ሚዛን ላይ የምወጣው? ልጅ ናት፣ ስትመዘዝ ይጠፋል።»

አማቷ ደግሞ ጭራሽ ተቆጡ። «ሰው የሚታማው ልጁ ሲከሳ ነው። በደህና ቀን ልጅ ወፈረ ተብሎ ሐኪም ቤት ይኬዳል?»

ስለዚህ እናትና ልጅ ብቻቸውን ሄዱ። ነርሷ የምታስተምረው ቀላል ነገር ነው፤ ሳህን ላይ አትክልቱ ይብዛ፣ ሲበላ ቴሌቪዥን ይዘጋ፣ ልጅን በጣፋጭ አትሸልሙ፣ አብራችሁ በእግር ሂዱ። ሲሰሙት ቀላል ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ከማሽን ተነስታ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ተነስታ ወደ ጭቅጭቅ ሆነች። ቴሌቪዥኑን ስትዘጋ ባሏ ያጉረመርማል። ጎመኑን ስታቀርብ፣ «ሚጣ፣ ነይ፣ የእስረኞች ራት ደርሷል» ይላል። ልጅቷ ትስቃለች፤ እሷ አትስቅም።

ያም ሆኖ ሚዛኑ ወደ ላይ መሄዱን አልተወም። ሚጣ ሚዛን ላይ ስትወጣ ጣሪያውን ታያለች። ነርሷ አልተቆጣችም፤ እናትየውን ገለል አድርጋ፣ «ሌላ የሚያበላት ሰው ይኖር ይሆን?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት።

አንድ ቀን ከሰዓት የምትሠራበት ስፌት ቤት መብራት ጠፋበትና ሠራተኛው በጊዜ ተለቀቀ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ስትደርስ የአማቷ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። አሮጊቷ አልጋ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ማር እየቀቡ ለሚጣ ያጎርሷታል። ልጅቷ የምታኝከው እንደተራበ ሰው አልነበረም፤ እንደታዘዘ ሰው ነበር።

«እማማ፣ እኔ እዚህ ነፍሴ እስኪወጣ ስለፋ እርስዎ ከኋላዬ ያፈርሱታል?»

አሮጊቷ ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ማሩን በዝግታ ከደኑትና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ከባልሽ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ» አሉ። «በዚያ ክፉ ቀን የምሰጣት አጥቼ፣ ስጪኝ እያለች እቅፌ ውስጥ ቀዘቀዘች። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ይቺን በቃኝ ስትለኝ አላምናትም። አፏ ሲንቀሳቀስ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የቅድሙ ቁጣዋ የት እንደገባ አታውቅም። ሚጣ ወደ አያቷ ዞረች።

«አያቴ፣ እኔ እኮ አይርበኝም። ደስ እንዲልሽ ነው የምበላልሽ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ማታ ሹፌሩ ሲገባ ሚስቱ ነገረችው። ፌስታሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «እህት ነበረችኝ?» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ራቱን አልነካም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራውን ለጓደኛው ሰጥቶ እናቱን ደግፎ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደ። ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ «ሲስተር፣ ይሄ ሚዛን ቂም ይዞብኛል» ብሎ ቀለደ። የደም ግፊቱ ተለክቶ ከፍ ብሎ ሲገኝ ግን ቀልዱ አለቀበት። ነርሷ ለአሮጊቷ ሥራ ሰጠቻቸው።

«እማማ፣ ማጉረሱን ይተዉትና ሚጣን ከትምህርት ቤት በእግር ያምጡልን።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«ቀስ ብለው፤ የሚያጣድፋችሁ የለም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተቃና ብል ውሸት ይሆናል። ሹፌሩ የከፋው ቀን ብስኩቱን አውቶቡሱ ውስጥ ጨርሶ አፉን ጠራርጎ ይገባል። አሮጊቷን ዝናብ በጣለ ቁጥር ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሚጣ አንዳንዴ ታኮርፍና በርበሬ የዋጠች መስላ ጥግ ትይዛለች። አብረዋቸው ከጀመሩት ቤተሰቦችም የቀሩ ብዙ ናቸው። እነሱ ግን እየተነጫነጩም ቢሆን ይሄዱ ነበር።

ዓመት ሊሞላ ሲል ነርሷ ሚጣን መዘነችና ቁመቷን ለካች። ክብደቷ ብዙም አልቀነሰም፤ ባለበት ቆሞ እሷ ግን ቁመት ጨምራለች። የአንገቷም ጥቁረት ሳስቷል።

«ይሄ በጣም ጥሩ ነው» አለች ነርሷ። «ቀጥሉበት።»

«እስከ መቼ ሲስተር?»

«እስክታድግ ነዋ።»

ልብስ ሰፊዋ ደስ ሊላት ሲገባ እንቅልፏ መጣ። ከበሩ ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ሚጣና አያቷ እጅ ለእጅ ተያይዘው እያዘገሙ ቀደሙ። ባሏ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዛሬ ራቱን እኔ ልሥራ» አላት።

«ምን ትሠራለህ?»

«እንጃ፤ አንቺ ንገሪኝ።»

«እሱንም እኔው ላስብልህ?»

ትንሽ አሰበ። «በይ ተይው፣ ሚጣን እጠይቃታለሁ» አለና ሊደርስባቸው ተነሳ። እሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች፤ ማንም ቶሎ ነይ አላላትም።