ረሂማ በስልክ ያነበበችልኝ ፓች

ከሚሴ የምሠራበት ማሰልጠኛ ደርሼ ቦርሳዬን ስከፍት... ፍላሹ የለም! ወይ ጉዴ፣ ቤት ረስቼው መጥቻለሁ። ሰልጣኞቹ በር ላይ ቆመዋል። ኢንተርኔቱ ደግሞ ከነጋ ጠፍቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስም የምንመዘግብበት በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነበረን። በኦሮምኛ ስንጽፍ ሁዻ የምንላትን፣ በፊደላት መሃል የምትገባ ትንሽ ጭረት ሲያገኝ ድርግም ብሎ ይዘጋል። ታግዬ ታግዬ ማስተካከያውን ሠራሁና ፓች አድርጌ አስቀመጥኩት። ፓች ማለት ከፕሮግራሙ ጽሑፍ የትኛው መስመር እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚገባ የሚናገር አጭር ፋይል ነው። የሚወጣው ፊት የመቀነስ፣ የሚገባው ፊት የመደመር ምልክት አለ። እሱን አስገብቼ ፓኬጁን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጫንበትን ጥቅል፣ እንደ አዲስ መገንባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ቤት ደወልኩ። ባለቤቴ ረሂማ አነሳች። ኮምፒውተሩን የምታውቀው ፊልም ስታይበት ነው።

«ፍላሹን ሰኪና ፋይሉን አንብቢልኝ... ፊደል በፊደል።»

«ቶሌ። መቀነስ... አይ... ኤፍ... ቅንፍ...»

እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሊጠይቁን የመጡት የአባቷ ድምፅ ከጀርባዋ ይሰማኛል።

«ረሂማ፣ ባልሽ ፈተና ላይ ነው እንዴ? ምንድነው ይሄ ሁሉ መደመር መቀነስ?»

ጨረስን። ፓቹን ሳስገባው... እምቢ። ጉድለት አለበት ይለኛል። ደግማ አነበበችልኝ። አሁንም እምቢ!

«ረሂማ፣ የዘለልሽው መስመር አለ?»

«ወላሂ አንድም አልዘለልኩም!... ምልክት የሌላቸውን ነው እንጂ።»

«ማሊ?! ምን አልሽ?»

«አይደመሩ፣ አይቀነሱ! እንዳላደክምህ ብዬ ነው እኮ።»

ፓች የት እንደሚገባ የሚያውቀው በነዛ ባልተነኩ መስመሮች ነው። ልቆጣ አልኩና ሳቄ ቀደመኝ። ስነግራት እሷም ሳቀች። «አብሽር» አለችኝና ድምጿ እየሻከረ ከላይ ጀመረች።

ገባ! ፓኬጁ ተገነባ። የመጀመሪያዋ ሰልጣኝ ስሟን ከነሁዻው ጻፈች... ፕሮግራሙ ንቅንቅ አላለም።

ፓኬጁ ላይ የፓቹ ባለቤት ስም የሚሞላበት ቦታ አለ። ረሂማ ብዬ ሞላሁ።

ከወራት በኋላ ፓኬጁን የወሰደ አንድ የደሴ ባለሙያ ደወለልኝ። «ኢንጂነር ረሂማን ማግኘት እችላለሁ? ስለ ፓቹ የምጠይቃት ነበረኝ።»

ስልኩን ሰጠኋት። ረጋ ብላ አዳመጠችው። ከዛ «ባለቤቴን ላገናኝህ» አለችው... «ጸሐፊዬ ነው።»

ምን ልበል... እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፤ እውነቷን ነው።