ሁለቱንም የሚቀበል ኬጂ

ከጊዳ አያና የወጣን ዕለት ጎህ እየቀደደ ነበር። ተኩሱ ከወንዙ ማዶ ሲጀምር ባሌ ሰይድ ማሳው ላይ በቆሎ ሲጠብቅ አድሯል፤ ቤት ውስጥ እኔና ሁለቱ ልጆቼ ብቻ ነን። «ተነሱ! ውጡ!» ብዬ ጮህኩና የነጃትን እጅ ይዤ ሮጥኩ። ኑሬ ከኋላዬ ያለ መስሎኝ ነበር። ኑሬ ግን ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ስድስት ዓመት ያሳደግኩትን ልጅ በድምፅ ጠርቼው ሮጥኩ።

የጎረቤት አጥር ጋ ስንደርስ ነጃት እጄን መንጭቃኝ ወደ ቤት ተመለሰች። አምስት ዓመቷ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተከትያት አልሮጥኩም። አጥሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ወንድሟን ቀስቅሳ እየጎተተች አመጣችው፤ እሱ ዓይኑን እያሸ ይስቃል፣ ጨዋታ መስሎታል። ይህን ለሰይድ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ለእናንተ የምጽፈው፣ ከእናንተም መሃል እንዲህ ያለውን በሆዷ ይዛ የምትዞር እናት አትጠፋም ብዬ ነው።

ወደ ነቀምቴ የመጣነው በጭነት መኪና፣ በበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። ልጆቹ ያስነጥሳሉ፣ እኔ ከበርበሬውም ከለቅሶውም ዓይኔ አብጧል። የሁለቱን እጅ በሻሼ አንድ ላይ አሰርኩና ነጃትን «ከእንግዲህ አንቺ ነሽ ጆሮው። ከእጁ እንዳትለዪ» አልኳት። ሳምንት ቆይቶ ሰይድ አፈላልጎ አገኘን፤ መትረፋችንን አይቶ አልቅሶ፣ «በቆሎው ሜዳ ላይ ነው ያለው» ብሎ ተመለሰ። የገበሬ ነገር ታውቁት የለም?

ነቀምቴ ብርድ ናት። እኛ አገር በዚህ ወር ማንጎ ጥላ ሥር ነበር የምንውለው፤ እዚህ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። ያኔ ሁላችንም እንደ ኑሬ እንሆናለን። እኛ አገር ሰው ጨው ሲያልቅበት በአጥር ላይ ይጣራል፤ እዚህ በር ይንኳኳል፣ «ማነው?» ይባላል፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው።

ቤት ያከራዩኝ ባልቴት አዴ ጫልቱ ይባላሉ። አማርኛና ኦሮምኛውን እየቀላቀሉ መረመሩኝ።

«ልጆች ይጮሃሉ እንዴ?»

«አንዱ አይሰማም፣ አይናገርምም።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። ሌላዋስ?»

«እሷም ካልተጠየቀች አትናገርም።»

ትንሽ አዩኝና «ይሄኛው ጥሩ አይደለም» አሉ። ቤቱን ግን ሰጡኝ።

ምግብ ቤት ሽንኩርት ከታፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ልጆቹን ግን የት ላውላቸው? ቤት ቆልፌባቸው ብሄድና አንድ ነገር ቢነሳስ? ቢላው በእጄ፣ ጆሮዬ መንገድ ላይ። ሞተር ሳይክል ሲነሳ እደነግጣለሁ፣ ድስት ሲወድቅ እደነግጣለሁ። አሠሪዬ «ዘሃራ፣ ጣትሽን ወጥ ውስጥ እንዳናገኘው» ትለኛለች።

ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ የግል ኬጂ አለ። ዳይሬክተሩ ነጃትን በኦሮምኛ ጠየቃት፣ አቀላጥፋ መለሰችለት፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ያደገች አይደለች? ደስ አለው። ወደ ኑሬ ዞረና ፊቱ ተለወጠ።

«እኛ እንኳ ችግር የለብንም። ወላጆች ግን ቅር ይላቸዋል።»

«ምን ብለው?»

«ይጋባል ብለው ነዋ።»

«አለመስማት?»

«እኔ አላልኩም እኮ። ወላጆች ናቸው።»

ወደ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል አለው ብለውኝ ነው። መዝጋቢዋ ኑሬን ወዲያው ተቀበለችው። «እህቱስ?» አልኩ።

«እሷ ምንድን ነው ችግሯ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ቦታ የላትም» አለችኝ፣ ከልቧ እያዘነች።

ሳቄም እንባዬም መጣ። ሁለቱን ለሁለት ቦታ ላድርጋቸው? አንድ ነገር ቢሆን ወደ የትኛው ነው የምሮጠው? አንዴ መርጫለሁ። ሁለተኛ እንድመርጥ አላህ አያምጣው።

ሦስተኛውን የነገሩኝ አዴ ጫልቱ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጉቴ መንገድ፣ የሚሰማውም የማይሰማውም አብሮ የሚማርበት ኬጂ አለ። «አካቶ ነው የሚሉት» አሉኝ። ያለው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስለሆነ ሰይድ ምን ይለኛል ብዬ አሰብኩ። ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ርቀቱ ነው። በባጃጅ አሥር ደቂቃ። በእግር ብሮጥስ?

መምህርቷ ለሊሴ ትባላለች፤ ወጣት ናት። ኑሬን አልጠራችውም፤ ፊቱ ቁጢጥ ብላ በእጇ አነጋገረችው። ልጄ አፉን ከፍቶ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች በአፍም በእጅም እየዘመሩ ነበር፤ የትኛው እንደሚሰማና የትኛው እንደማይሰማ መለየት አቃተኝ። «ሁለቱንም እንቀበላለን» አለችኝ። እጇን ለመሳም ጎንበስ ስል ጨመረች፦ «ግን የተለያየ ጠረጴዛ ላይ ነው የማስቀምጣቸው።»

«አይሆንም! እሷ እኮ ጆሮው ናት።»

«የነጃት እናት፣ ልጅቷ ከገባች ጀምሮ አንዴ እንኳ መጫወቻ አልነካችም። በሩንና እሱን ነው የምታየው። ለእሱ ብለሽ ነው የመጣሽው። እኔ ግን የምሰጋው ለእሷ ነው።»

ተናድጄ ወጣሁ። ምን ታውቃለች አልኩ፣ የት ነበረች ያን ለት? ሁለት ቀን አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ሌላ የሚቀበለኝ ስላጣሁ ወሰድኳቸው። ነጃት ከጠረጴዛው ስትለይ አላለቀሰችም፤ ዓይኗን ግን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ፣ ረፋድ ላይ ሽንኩርት ስከትፍ ከጉቴ መንገድ በኩል ድው አለ። ቢላዬን ጥዬ ወጣሁ። ባጃጅ ያዝኩ አልያዝኩ አላስታውስም፤ ጫማዬ አንዱ የት እንደቀረም አላውቅም። በሩ ላይ ዘበኛው ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ያዙኝ። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ! የከባድ መኪና ጎማ ነው የፈነዳው!» ይሉኛል፣ እኔ ግን እየገፋኋቸው ገባሁ።

ልጆቹ ሁሉ ሜዳ ላይ ናቸው። የእኔዎቹ የሉም። ክፍሉ በር ላይ ለሊሴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አስቆመችኝና በእጇ ወደ ጠረጴዛው ሥር አሳየችኝ።

ነጃት ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ሱሪዋ ርሷል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ኑሬ ከጎኗ ተጋድሞ፣ በሁለት መዳፎቹ የእሷን ጆሮዎች ደፍኖላታል።

«ድምፁን አልሰማም» አለችኝ ለሊሴ ቀስ ብላ። «ፊቷን ነው ያየው። ከጠረጴዛው ተነስቶ ሄደ። እኔ ስጠራት እንቢ አለች፤ እሱን ግን አስጠጋችው።»

ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ሁለቱንም አቀፍኳቸው። ነጃት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «እማ፣ እኔ ደክሞኛል» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ እጠብቀዋለሁ» አልኳት። ልታምነኝ አይገባትም ነበር፤ እሷ ግን ራሷን ደረቴ ላይ ጣለችው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሊሴ ወላጆችን የምልክት ቋንቋ ታስተምረናለች። እጄ እንደ እንጨት የደረቀ ነው፤ «ውሃ» ልል ብዬ ሌላ ነገር እላለሁ፣ ኑሬም ይስቅብኛል። ነጃት መጫወቻ መንካት ጀምራለች። ፍርሃቴ ግን አለቀቀኝም። ጠዋት ልጆቹን የያዘው ባጃጅ ታጥፎ እስኪሰወር ደጅ ቆሜ አያለሁ።

ባለፈው እሁድ ሰይድ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ ደወለ።

«አገሩ ሰላም ሆኗል። ሰዉ እየተመለሰ ነው፣ ቤቱንም ከድኜዋለሁ። መቼ ትመጣላችሁ?»

«ለኑሬ የሚሆን ትምህርት ቤት አለ?»

«ከእኔ ጋር ይውላላ። ነጃት ትይዘዋለች።»

«እሷ አትይዘውም።»

«ለምን?»

እዚህ ላይ ነበር ሁሉንም ልነግረው የምችለው። ነጃት ደጅ ከአዴ ጫልቱ የልጅ ልጆች ጋር ገመድ ትዘላለች። ኑሬ ስልኩን አይቶ መጣና ፊቴ ቆመ፤ እጆቹን አንቀሳቀሰ። ደግሞ አንቀሳቀሰልኝ፣ ቀስ አድርጎ፣ እንዲገባኝ።

«ምን እያለ ነው?» አለ ሰይድ፤ ኑሬ በእጁ እያናገረኝ ነው ብዬው ነበር።

«አባቴ ይምጣ ነው የሚለው።»

«በቆሎውስ?» አለኝ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

ከወዲያ የከብቶቻችን ድምፅ ይሰማል፣ ነፋሱም ይሰማል። ማንም አልተኮሰም። እኔ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣ ከነፋሱ ጀርባ ሌላ ድምፅ ካለ ብዬ አዳምጥ ነበር።