አባቴን የሳልኩባቸው ስድስት ሳጥኖች

ልጅ እያለሁ ወረቀት ተገዝቶልኝ አያውቅም ነበር። አባቴ ማተሚያ ቤት የመጋዘን ሠራተኛ ስለነበር፣ ማሽኑ ቆርጦ የሚጥለውን ትርፍራፊ ወረቀት በጥቁር ቦርሳው ይዞልኝ ይመጣል። ወረቀቱ የአዲስ ቀለም ሽታ ነበረው። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለው ቤታችን ደጃፍ ላይ የሰፈሩ ልጆች ሱዚ ሲዘሉ፣ እኔ በደረቴ ተኝቼ እስላለሁ። እናቴ "ይቺ ልጅ ዓይኗን ልታጠፋው ነው" እያለች ታልፈኛለች።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ ካዛንቺስ የቀበሌው ወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ኮሚክና የጃፓኖቹን የሥዕል ታሪክ፣ ማንጋን፣ መሥራት የሚያስተምር ሰው አለ ተባለ። ቲቸር ብሩክ እንለው ነበር። ጋዜጣ ላይ ካርቱን የሚሠራ፣ ጣቶቹ ሁሌም ቀለም የነካቸው ወጣት ነው። ገጹን በሳጥን በሳጥን መክፈልን፣ ንግግሩን ፊኛ በሚመስል ክብ ውስጥ መጻፍን አሳየን። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ ሲነግረን ሌሎቹ ልጆች ተደናገሩ። ቁርአን ቤት የምንቀራው እኔና ጓደኛዬ ፈቲያ ግን ተያይተን ሳቅን።

"ማለቴ፣ በቃ፣ ጭራቅና ሰይፍ ብቻ አትሳሉ" አለን አንድ ቀን። "በዓይናችሁ ያያችሁትን ሳሉ። ክረምቱ ሲያልቅ ወላጆቻችሁን ጠርተን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።"

በዚያው ሰሞን የአባቴ ወረቀት ቀረ። ስጠይቀው "ማሽኑ ተበላሽቷል" ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ግን እንደ ወትሮው ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣል። ወረቀት ሲያልቅብኝ ከፈቲያ ጋር ልንገዛ ስታዲየም ሄድን። ረፋድ ላይ ነበር። ድንጋይ ላይ ተደርድረው ጋዜጣ ከሚያነቡት ሰዎች መሃል አባቴ ተቀምጧል። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚያልፉትን መኪኖች ያያል። ጋዜጣ እንኳ አልያዘም። ፈቲያ ሳታየው እጇን ጎትቼ ወሰድኳት። በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። እዚያው ነበር። በሦስተኛውም ቀን እዚያው ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ማታ እናቴ "ሥራ እንዴት ዋለ?" ስትለው፣ እሱም "አልሐምዱሊላህ" ሲል፣ ዓይኔን ከትሪው ላይ አላነሳም። መናገር ሲያቅተኝ ሳልኩት። ስድስት ሳጥን ነበር፦ ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው፣ ከቤት የሚወጣ ሰው፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ዝናብ ሲጥል ቦርሳውን ጭንቅላቱ ላይ ያደረገ ሰው፣ ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው፣ በመጨረሻም "አልሐምዱሊላህ" የሚል ሰው። ፊቱን አልሳልኩትም። ቲቸር ብሩክ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው። ከዚያ "ይሄ መሃል ላይ ነው የሚሆነው" ብሎ ከእጄ ወሰደው። አይሆንም ሳልለው ወደ ሌላው ልጅ አለፈ።

የወላጆቼን የጥሪ ወረቀት ደበቅኩት። ምን ዋጋ አለው፣ የፈቲያ እናት ነገረቻቸው። የዚያን ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሜ ልነቅለው ሮጥኩ፤ አዳራሹ ግን ከወዲሁ በሰው ተሞልቷል።

"ቲቸር፣ ላውርደው። እባክህ።"

"ለምን? ሰው ሁሉ እሱን እያየ እኮ ነው!"

በሩ ላይ የእናቴን ቢጫ ሻሽ አየሁ። አባቴ ከኋላዋ ነው። እናቴ ስሜን ፈልጋ አገኘችውና ሥዕሉ ፊት ቆመች። ጣቷን ከሳጥን ወደ ሳጥን እያሳለፈች አየች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ እዚያው ቀረ።

"ሀያት፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?"

"ዝም ብዬ ነው። ፈጠራ ነው፣ ወላሂ።"

የአባቴ ትንፋሽ ከኋላዬ ይሰማኛል። ዞሬ ላየው አልደፈርኩም።

"ዘይነባ" አላት አባቴ። "እኔ ነኝ።"

እናቴ አልጮኸችም። ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ተከተልናት። እስከ ባምቢስ ሱፐርማርኬት ድረስ ተከታትለን ሄድን፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላዋ፣ እኔ ከሁለቱም ኋላ። ቤታችንን በእጄ ያፈረስኩት መሰለኝ። መኪና እስኪያሳልፈን ቆመን ሳለ፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

"ዝናብ ሲመጣ የት ትጠለል ነበር?"

"ከስታዲየሙ ግንብ ሥር።"

"ቤት የለህም እንዴ?"

አባቴ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ በክንዱ ይዛ አሻገረችው። ቤት ስንደርስ እኔን ለብቻዬ አስቀምጦ፣ "አየሽኝ አይደል? ለምን አልጠራሽኝም?" አለኝ። "ታፍራለህ ብዬ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ፀጉሬን ዳበሰኝ። ከወራት በኋላ ካዛንቺስ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ አገኘ። እስኪያገኝ ድረስ ቤት ዋለ፤ ከእናቴ ጋር ሽንኩርት ይልጥ ነበር፣ ይጨቃጨቁም ነበር፣ ይስቁም ነበር።

ያ አዳራሽ ዛሬ የለም፤ ቦታው ሰፊ መንገድ ሆኗል። እኔ ደግሞ ቂርቆስ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ኮሚክ አስተምራለሁ። የዛሬ ልጆች ማንጋውን በስልካቸው ነው የሚያነቡት፤ በታብሌት የሚስሉም አሉ፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ቲቸር ብሩክን አልቀየምኩትም። ያን ቀን ባይለጥፈው ኖሮ አባቴ ስንት ክረምት እዚያ ይቀመጥ እንደነበር አላውቅም። ቢሆንም በዚያ አዳራሽ የፈራሁትን ፍርሃት አልረሳውምና፣ እኔ ሳልጠይቅ የማንንም ሥዕል አልለጥፍም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትስል ቆይታ፣ ስጠጋት ወረቀቷን በሁለት እጇ ሸፈነችው።

"ማን እንዲያየው ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"ገና አላሰብኩበትም፣ ቲቸር።"

"እሺ የኔ ቆንጆ፣ አስቢበት" አልኳትና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፍኩ።