ውኃ እየለመኑ ደጅ ያስከፈቱልን አያ ውበቱ

የዳንግላ ሰው በዳማ ፈረሳቸውና በጋሪያቸው የሚያውቃቸው አያ ውበቱ ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አርፈዋል። «ያ በሽታ ተነሥቶባቸው ነው?» እያላችሁ በስልክም በመንገድም የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። አይደለም። የወሰዳቸው የሳንባ ምች ነው። ለዚያኛው ሕመም የሚወስዱትን ክኒን በሞቱበት ቀን እንኳ ቀትር ላይ ውኃ አስመጥተው ውጠዋል። ይህን የምጽፈው በኩራት ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ እኔ ከፍ አድርጌ እንደምመልስለት ይወቅ።

አያ ውበቱ በወጣትነታቸው የአእምሮ ሕመም ይዟቸው አንድ የጋሪ ባልደረባቸውን ፈንክተው ታስረው ነበር። ታክመው ከወጡ ከብዙ ዓመታት በኋላ የአቻ ድጋፍ የሚባለው ሥራ ሲጀመር ተቀጠሩ። በሕመም ላይ ሆኖ ጥፋት የፈጸመ ሰው ከማረሚያ ቤት ወይም ከሆስፒታል ሲወጣ፣ በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ይቀበለዋል፤ ወደ ቀዬው ይመልሰዋል፤ መድኃኒቱንም ኑሮውንም አብሮት ይከታተላል። ሥራው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን የተሰጣቸውን ባጅ በፈረሳቸው አንገት ላይ አንጠልጥለው መጡ። የጤና ጣቢያው ነርስ ስትቆጣ «የሚለፋው እሱ ነው፤ የእኔ ሥራ ማውራት ብቻ ነው» አሏት።

ማውራቱም ቢሆን መጀመሪያ አልሰመረላቸውም። በመጀመሪያ የመለሱት ሰው የአዲስ ቅዳም አካባቢ ገበሬ ነበር። አያ ውበቱ ከደስታቸው ብዛት የአገሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው በአዊኛ «ድኗል» ብለው ነገሯቸው። ሰውየውም አጠገባቸው ቆሞ ሰማ። የዳነ ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል ብሎ መዋጡን ተወ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሕመሙ አገረሸበትና ተመልሶ ሆስፒታል ገባ። ሽማግሌዎቹም ዋሸኸን ብለው ተቀየሟቸው። አያ ውበቱ ይህን ባወሩ ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ድኗል» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። በምትኩ ማንም ያላስተማራቸውን አሠራር አመጡ። በዳዩን ይዘው የተበደለው ሰው ቤት ይሄዳሉ፤ ደጃፉ ላይ ቆመው የራሳቸውን ክኒን ከኪሳቸው ያወጡና መዋጫ ውኃ ይለምናሉ። ውኃው ሳይመጣ ስለ እርቅ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ብቻውን ተደብቆ የሚውጥ እንዳይኖርም ከነርሷ ጋር ተመካክረው እሳቸው የሚከታተሉንን የሁላችንንም የክኒን ሰዓት ቀትር ላይ አድርገውት ነበር።

እኔም የተመለስኩት በዚሁ መንገድ ነው። ልጄን በወለድኩ ሰሞን ታምሜ የጎረቤታችንን የእትየ ጥሩነሽን ቤት በእሳት ለኮስኩት። ነፍስ አልጠፋም፤ ቤቱ ግን ከነእህሉ ወደመ። ፍርድ ቤቱ በሕመም ላይ እንደነበርኩ አይቶ ወደ ሕክምና መራኝ። ከሆስፒታል ስወጣ ልጄ እናቴ ጋ ነበረች፤ የእናቴ ቤት ደግሞ ካቃጠልኩት ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። ወይ እዚያ መመለስ፣ ወይ ልጄን ጥዬ መጥፋት ነበር ምርጫዬ። እኔ መጥፋቱን መረጥኩ። ባሕር ዳር ማንም በማያውቀኝ ሰፈር የቀን ሥራ እየሠራሁ እኖራለሁ ብዬ ሊቀበሉኝ ለመጡት ለአያ ውበቱ ነገርኳቸው።

«ሂጂ፤ አልከለክልሽም» አሉኝ። «ግን እዚያ ክኒንሽን ማን ፊት ልትውጪ ነው?»

ባሕር ዳር መሄዱን ተውኩት። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መሐል በጋሪያቸው ወደ እትየ ጥሩነሽ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ተሳፋሪ የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ እኔን ግን ከጎናቸው ከፊት አስቀመጡኝ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስስብ «አቧራ የለም፤ ግለጪው» አሉኝ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ስል፣ እሳቸው ግራና ቀኝ ሰላምታ እያደሉ ሙሽራ የሚያጅቡ ይመስሉ ነበር። ያን ቀን ተናድጄባቸው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

እትየ ጥሩነሽ ወንድሞቼ በካሳ በሠሩላቸው አዲስ ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። አያ ውበቱ ውኃ ሲለምኗቸው ገብተው በሩን ዘጉት። በሳምንቱ ተመለስን፤ አሁንም ተዘጋ። በሦስተኛው አንድ ጣሳ ውኃ አመጡ፤ ለአያ ውበቱ ብቻ። በአራተኛው እጄ ላይ ያለውን ክኒን ረጅም ጊዜ አዩትና ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገሩኝ።

«ይኸን የተውሽ ለትስ?»

«በየቀኑ መጥቼ እርስዎ ፊት ልዋጠው» አልኩ። «የቀረሁ ለት ቀድመው የሚያውቁት እርስዎ ይሁኑ።»

እትየ ገቡና ሁለተኛ ጣሳ ይዘው ወጡ። ሽማግሌ የተቀመጠውም እርቅ የወረደውም ከዚያ በኋላ ነው። ልጄን አሳደግሁ፤ ዛሬ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እኔም እሳቸው ያስተማሩኝን ሥራ እሠራለሁ።

ረቡዕ ዕለት ቀብሩን ፈረሰኞች አጀቡት። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን ቀትር ሆነ። እኔ ከኀዘኑ የተነሣ ሰዓቱን ረስቼዋለሁ። እትየ ጥሩነሽ፣ አሁን ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱት፣ ያን ሁሉ ሰው አቋርጠው በጣሳ ውኃ አመጡልኝ።

«ሰዓትሽ ደርሷል፤ ዋጪ» አሉኝ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ።

ዋጥኩ። ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሽበታም ሰው ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «ለእኔም ያምጡልኝ፣ እናቴ» አለ። ያ የአዲስ ቅዳሙ ገበሬ ነበር። አያ ውበቱ የተሳሳቱበት፣ ቢሆንም ያልተዉት ሰው። ከእሱ በኋላ ሌላው፣ ከዚያም ሌላዋ ተነሡ። ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ፊቱን የሸፈነ አንድም ሰው አላየሁም። በልቅሶ ቤት ደስ ይላል አይባልም፤ እኔን ግን ደስ አለኝ።

አያ ውበቱ፣ ድነናል አንልም፤ አደራዎን እናውቃለን። ክኒናችንን ግን ሰው እያየን ውጠናል፤ ያቀበሉን የበደልናቸው ናቸው። በመጪው የገበያ ቀን ከማረሚያ ቤት የምትወጣ አንዲት እናት አለች። ዳማውን እኔ እይዘዋለሁ፤ እሷን ከፊት፣ ከጎኔ አስቀምጣታለሁ፤ በገበያው መሐል እናልፋለን። ባጅዎን በፈረሱ አንገት ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። እርስዎ ብዙ ለፍተዋልና አሁን ይረፉ።