እጀታ ያለው ግድግዳ

ፈተናው ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። እኔ ግን ከእሁድ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞር ብሎኛል። ለሦስት ዓመት በጽዳት ሠራተኝነት በሠራሁበት፣ ለጎብኚ ክፍት በሆነ ትልቅ ጥንታዊ ቤት አስጎብኚ ለመሆን አመልክቼ፣ አንዲት የሙከራ ጉብኝት ተፈቅዳልኛለች። ከወደቅኩ ተመልሼ ወደ መወልወያዬ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቴ ሌላ ዕድል ይመጣል ብዬ አላምንም ነበር።

ቤቱ ድሮ ገጠር የነበረ፣ ዛሬ ለንደን የዋጠችው መስክ ላይ ነው ያለው። እንግሊዞቹ ጆርጂያን ይሉታል፤ ጆርጅ የሚባሉ ነገሥታት ተከታትለው በነገሡበት ዘመን ስለተሠራ ነው። የዚያ ዘመን ግንበኛ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። በሩ መሀል ላይ፤ በዚህ በኩል አራት መስኮት ካለ በዚያም አራት። ከውስጥ መስኮት የሚፈልግ ክፍል ባይኖር እንኳ የመስኮት ቅርጽ አውጥቶ፣ ከሩቅ መስተዋት እንዲመስል ጥቁር ይቀባዋል። አዳራሹም እንደዚያው ነው። አራት በሮች አሉት፤ አንደኛው ግን የውሸት ነው። ሳንቃ አለው፣ የነሐስ እጀታ አለው፣ ከኋላው ግን ግንብ ነው። ማንም የማይከፍተውን በር ማሳመር ምን ይሉታል እያልኩ ስነጫነጭ ያንን እጀታ ሦስት ዓመት ወልውያለሁ።

ለሙከራው ስድስት ጎብኚዎች ራስሽ አምጪ ተባልኩ። አምስት የሥራ ባልደረቦቼን ለመንኩ። ስድስተኛው አባቴ ሆኑ። አዲስ አበባ ሳሉ ግንበኛ ነበሩ፤ አሁን እዚሁ ለንደን፣ ሃክኒ የሚባል ሰፈር ከእኔ ጋር ይኖራሉ። «ግንበኛ ሳይኖር ቤት ልታስጎበኚ? መጥቼ ቼክ አደርጋለሁ» አሉና ራሳቸውን ጋበዙ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ግን ፈራሁ። አባቴ ፊት ስናገር ዛሬም አፌ ይተሳሰራል።

ፈታኟ ወረቀቷን ይዛ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። «አስጎብኚ ምንጊዜም ከፊት ነው የምትሄደው፤ ሰው የሚከተለው እሷን ነው።» እሺ አልኩ።

ከደጅ ሆኜ ስለ መስኮቶቹ ስናገር ደህና ነበርኩ። አባቴም ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ላይ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ከዚያ ዋናው በር ተከፈተና እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። በቤታችን ታናሽ ታላቁን ቀድሞ በር አያልፍም። ለአባቴ ጀርባዬን ሰጥቼ የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ፣ «አባባ፣ ይግቡ» አልኩ።

«አንቺ ግቢ እንጂ።»

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

የፈታኟ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሲጭር ሰማሁ። አባቴ ገቡ፤ አምስቱም ተከተሏቸው፤ እኔ አስጎብኚዋ መጨረሻ። አባቴ አዳራሹ እንደገቡ ቀጥ ብለው ሄዱና የውሸቱን በር እጀታ ጨበጡ። አዞሩት። ገፉት። አሁንም ገፉት። ሰዉ ከኋላቸው ተሰልፎ ይጠብቃል። አለቀልኝ አልኩ። በራሴ ብቻ ሳይሆን በእሳቸውም ተናደድኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እሳቸው ግን ምንም አልደነገጡም። ጆሯቸውን አስጠግተው ሳንቃውን አንኳኩ። ከዚያ ዞረው ፊት ለፊት ያለውን በር አዩ፣ መልሰው ይህን አዩ። «ጎበዝ! ለዚያኛው አቻ ነው የሠሩለት» አሉ በአማርኛ። «ግንብ ነው ልጄ። ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እያወቅሽ ታዲያ ለምን አስቀደምሽኝ?»

አከበርኩዎት እንዳልል፣ በሰው ፊት ከግንብ ጋር አጋፍቻቸዋለሁ።

ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጎን ዘወር አሉልኝ። «ቅደሚ። መንገድ የሚያውቅ ነው የሚቀድመው።»

አለፍኳቸው። በሩ ለምን እንደተሠራ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ። እኔም የመጀመሪያው ቀን ባልዲዬን ይዤ ልከፍተው ስታገል እንደነበር ስነግራቸው ሁሉም ሳቁ፤ ፈታኟም ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ በእውነተኛው በር በኩል ወደ ምግብ ክፍሉ ወሰድኳቸው።

ማለፌን የነገሩኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ሰዓት ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዞር ካልኩ ደግሜ «ይቅደሙ» እላለሁ። ስለዚህ አልዞርኩም። ከኋላዬ የአባቴ ከዘራ የድንጋዩን ወለል ቋ፣ ቋ እያደረገ ይከተለኛል።