የጋሽ መርሻ ሰባት ሰዓት

የዚያን ቀን አራት ሰዎች ነበርን። ጋሽ መርሻ፣ አሜሪካ፣ ስኮትዴል በምኖርበት ሕንፃ ከእኔ በታች ያለው ቤት የሚኖሩ፣ በቅርቡ ጡረታ የወጡ የፓርኪንግ ሠራተኛ። ልጃቸው ቤተልሔም፣ ሁላችንም ቤቲ የምንላት፣ ነርስ ናት። ሄኖክ፣ ኮንየርስ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የሚነዳ ጓደኛዬ፤ በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ። አራተኛው እኔ ነኝ፣ አቤል። የሆነው ባለፈው የገና ጾም ነው። አሁንም ሰው ሰዓት በነገረኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሄኖክ በብርድ ወራት የባሕሩ ውሃ እንደሚጠራና ዓሣው ወደ ዳር ቦዮች እንደሚሰበሰብ ቪዲዮ ላይ አይቶ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከታከር ቤንዚን ቀድተን ወደ ሳቫና የባሕር ዳርቻ መንገድ ጀመርን።

«ጾም ቢሆንም ዓሣ ይፈቀዳል» አሉ ጋሽ መርሻ ከፊት ወንበር።

«የተያዘ ነው ወይስ ያልተያዘም?» አለ ሄኖክ።

«አንተ ጴንጤ፣ ስለ ጾም ምን አገባህ?»

ሄኖክ እየሳቀ ስልኩን አየና «ሎው ታይድ ሰባት ሰዓት ላይ ነው» አለ። ውሃው በጣም የሚጎድልበት ሰዓት ማለቱ ነው።

«ጎሽ! እንግዲያው ሰፊ ጊዜ አለን» አሉ ጋሽ መርሻ። ሁለቱንም ሰማሁ። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ መሰለኝ።

ረፋድ ላይ ስንደርስ ነፋስ የለም፤ ስስ ጭጋግ ብቻ ነበር። ከባሕሩ ዳር ፊት ለፊት አንድ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ማዶ ዛጎል የበዛበት የአሸዋ ጉብታ ይታያል። የቦዩ ውሃ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ጋሽ መርሻ የማጥመጃ ዘንጋቸውንና ቢጫ ባልዲያቸውን ይዘው ተሻገሩ። ያደጉት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው፤ ዓሣ ማጥመድ ያውቁበታል፣ መዋኘት ግን አይችሉም። ሐይቁ ደግሞ እንደ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሄዶ አይመለስም።

ቤቲ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ስለመጣች መኪናው ውስጥ ተኝታለች። እኔና ሄኖክ የዘንግ ማቆሚያዬን ከውሃው ጠርዝ ትንሽ ራቅ አድርገን አሸዋው ላይ ተከልንና መንጠቆ ላይ የምናደርገውን ሽሪምፕና ኩለሩን፣ የበረዶ ሳጥኑን፣ ልናመጣ ወደ መኪናው ተመለስን። የሄኖክ ዘንግ ክር ተወሳስቦ እሱን ስንፈታ ቆየን።

ስንመለስ ጭጋጉ ወፍሮ ጉብታው አይታይም። ማቆሚያዬ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ሌላ ሰው የተከለው መስሎኝ ቀረብ ብዬ አየሁት። የእኔው ነው።

ጋሽ መርሻ ጋ ደወልኩና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ጋሽ መርሻ፣ ቶሎ ይመለሱ። ውሃው እየመጣ ነው።»

«ኧረ ገና እየሄደ ነው! አሁን አራት ሰዓት ነው፤ ሰባት ሰዓት አላላችሁም እንዴ?»

ሄኖክ ፊቱ ተለወጠ። «ኖ ኖ ኖ! ጋሽ መርሻ፣ የእኔ ሰባት ሰዓት ጠዋት ነው! አልፏል!»

ሄኖክ ያነበበው የአሜሪካኑን ሰባት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ጋሽ መርሻ የሰሙት የእኛን ሰባት ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ ያለውን። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት አለ። ባሕሩም ከጎደለበት ተነስቶ እስኪሞላ የሚፈጅበት ይህንኑ ያህል ነው። እሳቸው ውሃው ጨርሶ ይደርቃል ብለው በጠበቁበት ሰዓት ጉብታው የለም ማለት ነው።

ጋሽ መርሻ በስልኩ «በየት በኩል ናችሁ? ምንም አይታየኝም» አሉ።

«ቤቲ! ሆንክ አድርጊ!» ብሎ ጮኸ ሄኖክ ወደ መኪናው። «እጅሽን እንዳታነሺ!»

ቤቲ ከእንቅልፏ ነቅታ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ክላክሱን ተጫነችው። ሄኖክ በራሱ ስልክ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ 911 ደወለ። ጀልባ እንልካለን፣ ግን ጭጋጉ ያዘገየናል አሉት።

«ክላክሱን እየሰሙ ወደ እሱ ይምጡ!» አልኳቸው።

«ሰማሁት። ውሃው ጉልበቴ ደርሷል።» ቀጥለው አንድ ነገር ተናገሩና መስመሩ ተቋረጠ።

እንዲንሳፈፍ የኩለሩን በረዶ ደፋሁ፣ ክዳኑን ቆለፍኩ፣ እጀታው ላይ ገመድ አሰርኩ። የገመዱን ጫፍ ሄኖክ ያዘና ኩለሩን አቅፌ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ብርዱ ትንፋሼን ቆረጠው። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ገመዱ ተወጠረ፤ ከዚያ ማለፍ አልችልም። ቆሜ ስማቸውን እየጠራሁ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ዘንጉን ነው። ጋሽ መርሻ ውሃው ብብታቸው ደርሶ በአንድ እጃቸው ዘንጉን ከጭንቅላታቸው በላይ ይዘውታል። አንድ እርምጃ ተራመዱና ተንገዳገዱ።

«ዘንጉን ይጣሉት! ኩለሩን ይያዙ!»

«ቤቲ የገዛችልኝ ነው!»

«ጣለው አልኩህ!»

በሕይወቴ ሽማግሌ ሰው «አንተ» ብዬ አላውቅም። ጋሽ መርሻም ደንግጠው ጣሉት። በሁለት እጃቸው ኩለሩን አቀፉ፤ ሄኖክ ጎተተን።

መኪናው ጋ እስክንደርስ ክላክሱ አልቆመም። ቤቲ አባቷን ስታይ አላለቀሰችም። እርጥቡን ልብስ አስወለቀች፣ በብርድ ልብስ ጠቀለለቻቸው፣ ማሞቂያውን ከፈተች። ብርዱ ጭንቅላታቸውን እንዳልነካው ልታረጋግጥ ፈልጋ «አባዬ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለቻቸው።

ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ «በማን?» አሉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

በኋላ «አንተ» ስላልኳቸው ይቅርታ ጠየቅኩ። «እርስዎ ብለህ ብትለምነኝ ኖሮ እስካሁን ዘንጉን ይዤ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አብረን ሄደናል። ሰዓቱን ስነግራቸው ጠዋት ወይም ከሰዓት ሳልል አላልፍም፤ እሳቸውም ያስደግሙኛል።

አንድ ነገር ግን አልጠራልኝም። መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ጋሽ መርሻ ያሉት «ቤቴን አደራ» ይመስለኛል። ሄኖክ «ቤቲን አደራ» ነው ይላል። ራሳቸውን ብጠይቃቸው «በረደኝ ነው ያልኩት» ብለው ወሬ ቀየሩ። ሄኖክ፣ አንተ ለስልኩ ከእኔ እኩል ቅርብ ነበርክ፤ እርግጠኛ ከሆንክ እዚሁ ጽሑፍ ሥር ጻፍ። ቤቲ፣ አንቺ ክላክሱ ላይ ስለነበርሽ አልሰማሽም፤ ለብቻሽ የነገሩሽ ካለ ግን አንቺ ጨምሪበት።