ዘመድ የሌለው ቋንቋ

አባቴ በአውቶቡስ ጋራዥ ንብረት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ አንዲት ብሎን አልጠፋችበትም። ጠንቃቃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መሳቢያዎቹ ላይ የተጻፈውን ከእሱ በቀር የሚያነብ አልነበረም።

ቋንቋ ፈጥሮ ነበር። እውነቴን ነው። አርባ አንድ ፊደል አለው። ቁጥሩ እንደ ሰው ቁጥር በአሥር አይሞላም፤ በአንድ ረድፍ አሥራ ሁለት መሳቢያ ስላለ በአሥራ ሁለት ነው። ቃላቱን በሙሉ የመዘገበበት ደብተር ከኮት ኪሱ አይለይም። «ከየትኛውም ቋንቋ ጋር አይዛመድም» እያለ ሲኩራራ እናቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ዘመድማ ቢኖረው ይመክረው ነበር» ትላለች።

እኔን ሊያስተምረኝ ሞክሯል። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ እስከ ሰባት ቆጠርኩና «ከማን ጋር ላወራበት ነው?» ብዬ ተውኩት። «ከእኔ ጋር» አለ። ያኔ አልገባኝም። አሁን ሲገባኝ በራሴ እናደዳለሁ።

ጡረታ ሲወጣ ጋራዡ ጉድ ፈላበት። አውቶቡሱ ተፈቶ ኩሽኔታ ይፈለጋል፤ ኩሽኔታው ያለበትን የሚያውቀው ግን ቤቱ ተቀምጧል። በእሱ ቦታ የተተካችው የሁለት ልጆች እናት በቀን አምስቴ ትደውላለች። አባቴ ስልኩን በእጁ ይዞ ይጠብቃል፤ ሲጮህ ግን ቶሎ አያነሳም፤ ሥራ የበዛበት ለመምሰል ነው።

«ጋሼ፣ ሁለት ቀንድ ያለው ክብ፣ ከሥሩ ሰረዝ።»

«የፍሬን ሸራ ነው። ፊደሉን ያዢው፣ ይጠቅምሻል።»

በሦስተኛው ወር ስልኩ ጭጭ አለ። ከዚያ አንድ መካኒክ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ አለቃው የመሳቢያዎቹን ጽሑፍ ሊያስልጥ መሆኑን ነገረኝ። ለአባቴ ስነግረው ምግብ አልበላ አለ። ቋንቋው ከደብተሩ ሌላ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ከተላጠ አለቀለት። በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ወጣ። ከአለቃው ጋር እንዳይያያዝ ብዬ ተከተልኩት።

ጋራዡ ስንደርስ አንድም ጽሑፍ አልተላጠም። ሴትዮዋ ደብተር ሳታይ፣ ስልክ ሳትነካ፣ ለመካኒኮቹ እያነበበች ዕቃ ታወጣለች።

«አለቃ ላጪው ብለውኝ ነበር» አለች። «ቆሜ ሁሉንም ሳነብላቸው ተዉት። ጋሼ፣ ያልደወልኩት እኮ ስለለመድኩት ነው።»

ቅናት አንገበገበኝ። ያ ቦታ የእኔ ነበር።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ረድፉን እያነበበ ሄደ። የመጨረሻው መሳቢያ ላይ ቆመ። ፊደሎቹ የእሱ ናቸው፤ ቃሉን ግን አያውቀውም። ሦስቴ አነበበው።

«አዲስ ዕቃ ገብቶ ነው» አለች ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ። «ስም አልነበረውም፣ እኔው አወጣሁለት። አጠፋሁ እንዴ?»

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚጠየቀው እሱ ነበር። ደብተሩን አወጣና የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ አራሰ።

«ምን ማለት ነው?» አላት። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ልጻፈው።»